ደንን ስለሚጠብቅ ሕግና ስለ ቡናችን ገበያ

አገር ለማስተዳደር ለተሾማችሁ፣ ሰፊ እርሻም ለያዛችሁ ሁሉ።

በቀድሞው ዘመን የቡና ዋጋ የሚቈረጠው በፍሬው ጥራትና በጣዕሙ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ላይ ሌላ ሚዛን ተጨምሯል፤ ይኸውም ቡናው የበቀለበት መሬት አስቀድሞ ምን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ነው። ይህን ሚዛን ያቆመው የሸማቹ አገር ሕግ ስለ ሆነ ነጋዴው በልመና ሊያስቀረው አይችልም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. (በፈረንጅ ቍጥር 2023) ባወጣው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ከለከለ፤ ካካዎ፣ ጎማ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ እንጨትና የቀንድ ከብትም በዚሁ ሕግ ተጠቃለሉ። አስመጪው ነጋዴ ፍሬው የተለቀመበትን ማሳ ኬክሮስና ኬንትሮስ ማቅረብ አለበት፤ ማሳው ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነም ዙሪያ ወሰኑ በሙሉ ይለካል። ሕጉ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ መራዘሙ የመዘጋጃ ጊዜ እንጂ የመተኛ ጊዜ ሊሆነን አይገባም።

የኢትዮጵያ ቡና አብዛኛው የሚመረተው በትንንሽ ማሳ ነው። በከፋ፣ በሸካና በያዩ የሚኖረው ገበሬ ቡናውን የሚለቅመው ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ጥላው ሲጠፋ ቡናው ይጠፋልና ደኑን ሲጠብቅ ኖሯል። እንግዲህ በዚህ ሕግ ከማንም በፊት ሊጠቀም የሚገባው እርሱ ነበር። ነገር ግን ንጹሕ መሆንና ንጹሕነትን ማስረዳት ሁለት ነገር ነው። የብዙ ቤት እሸት ቡና በአንድ መፈልፈያ ጣቢያ ሲፈስ የማን ፍሬ እንደ ሆነ አይታወቅም። ባለ ሰፊ እርሻው ለካርታ ሠሪ ከፍሎ ወረቀቱን ይይዛል፤ ባለ ግማሽ ሄክታሩ ግን በምን ይከፍላል? ደኑን በ2012 ዓ.ም. የመነጠረ ሰው ካርታ ስላለው ሲሸጥ፣ ደኑን እስከ ዛሬ የጠበቀው ወረቀት ስለ ሌለው ይመለሳል። የጫካ ቡና ገበያ ካጣ ደግሞ ገበሬው ዛፉን ቈርጦ በቈሎ ወይም ጫት ቢተክል አይፈረድበትም፤ ደንን ለመጠበቅ የወጣ ሕግም ደንን አስቈራጭ ይሆናል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ሸክም ነውና ዝም ብለን እንየው ይላሉ። ነገር ግን ሸክም የሚመስል ሕግ መሣሪያ አስቀድሞ ከተሰናዳለት ጥቅም እንደሚሆን የኮሎምቢያ ነገር ያስረዳል። በዚያ አገር በቀድሞው አሠራር አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማዘጋጀት እስከ 40 ሊትር ውሃ ይፈስ ነበር፤ እድፉም ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። የቡና ምርምር ማእከላቸው ሴኒካፌ ቤኮልሱብ የሚባል መፈልፈያ አውጥቶ ውሃውን ወደ 1 ሊትር ገደማ አወረደው። በፈረንጅ ቍጥር በ1997 መንግሥታቸው ወንዝ የሚበክል ሁሉ እንደ ብክለቱ መጠን እንዲከፍል ሲደነግግ፣ ገበሬው የሚሸሽበት መንገድ ተጠርጎ ቈይቶታል። ሕግ ብቻውን ቢሆን ድሀውን ከገበያ ባስወጣ፤ መሣሪያም ብቻውን ቢሆን ፈላጊ ባጣ ነበር።

ስለዚህ ከእናንተ የሚጠበቀው ይህ ነው።

አንደኛ፣ በየቀበሌው ያለው የቡና ማሳ በስልክ ወይም በጂፒኤስ ይለካ፤ ለዚህም ከገበሬው ገንዘብ አይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ በአንድ ነጋዴ እጅ ብቻ አይቅር። ግልባጩ በገበሬውና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዘንድ ይኑር፤ አለዚያ ገበሬው ለዚያ ነጋዴ ብቻ እንዲሸጥ ይገደዳልና።

ሦስተኛ፣ መፈልፈያ ጣቢያዎች የተመዘገበውን ማሳ ፍሬ ካልተመዘገበው ለይተው ያድርቁ፤ እድፍ ውሃቸውንም በጕድጓድና በቬቲቨር ሣር አጣርተው ይልቀቁ።

አራተኛ፣ የቆመ ደን ለአዲስ ተክል አይሰጥ። አንድ ሰው የመነጠረው ቍራሽ መሬት ፍሬው ከጎረቤት ፍሬ ጋር ቢቀላቀል የመንደሩን ጭነት ሁሉ ያስመልሳልና።

መለካቱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሹም ትጋትን ነው። ደኑን ያቈየልን ገበሬ ወረቀት ጐድሎት ከገበያ ቢባረር፣ ጥፋቱ ሕጉን ባወጡት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ጊዜ ሳለ መዝገብ ባልከፈትነውም ላይ ይወድቃል።