የቡናችን ዋጋ የሚወሰነው የት ነው? ከኒው ዮርክ ገበያ እስከ በቆሎው ማሳ

በየካቲት 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2025) በኒው ዮርክ የሸቀጦች ገበያ አንድ ፓውንድ የአረቢካ ቡና ከ4 ዶላር በላይ ሲገበያይ፣ ወሬው በዓለም የኢኮኖሚ ዜናዎች ላይ «ታሪካዊ ክብረ ወሰን» ተብሎ ተነገረ። ምክንያቶቹም አብረው ተዘረዘሩ፤ ብራዚልን የመታው ድርቅ፣ ቀደም ብሎ የቬትናምን ሮቡስታ የጎዳው የዝናብ እጥረትና የክምችት መመናመን። በዚያው ሰሞን በነበረን የልማት ኢኮኖሚክስ ሴሚናር አንድ የክፍል ጓደኛችን ዜናውን ካነበበልን በኋላ «እንግዲህ ፕሬቢሽ ዛሬ ተቀበረ» አለን። ሁላችንም ሳቅን። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ የገፋፋኝ ግን ያ ቀልድ ነው፤ ስህተቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙዎቻችን ይመስለኛልና።

ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ በየፊናቸው ያቀረቡት መከራከሪያ ይታወቃል። ጥሬ ምርት የሚልኩ አገሮች የንግድ ልውውጥ ምጣኔ፣ ማለትም አንድ ኩንታል ቡና ሊገዛ የሚችለው የፋብሪካ ዕቃ መጠን፣ በረጅም ዘመን ያሽቆለቁላል የሚል ነው። የአንድ ዓመት የዋጋ ንረት ይህን አያፈርስም። ይልቁንም ክብረ ወሰን የተባለው አኃዝ ራሱ መመርመር ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 የብራዚልን ቡና ውርጭ ከመታው በኋላ፣ በ1977 የአንድ ፓውንድ ዋጋ ከ3 ዶላር አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ከአምስት እጥፍ በላይ አድጓል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ከፍተኛ ዋጋ በዛሬ ዶላር ብንመነዝረው ከ15 ዶላር ይበልጣል፤ የ2025ቱ «ክብረ ወሰን» የዚህን ሲሶ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው፣ መለኪያው የአገልግሎት ዋጋንም ስለሚያካትትና የፋብሪካ ዕቃ ዋጋ ከአገልግሎት በዝግታ ስለሚጨምር፣ በሲንገር ሚዛን ቢሰላ ልዩነቱ ይጠባል። አቅጣጫው ግን አይቀየርም። ሁለት የአየር ንብረት አደጋዎች የፈጠሯቸውን ሁለት ከፍታዎች ነው ያነጻጸርነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ያስተዛዝባል። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ወጪ ንግድ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች፤ በቀዳሚው ዓመት የተገኘው ወደ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተላከው መጠንም ከ300 ሺህ ቶን ገደማ ወደ 470 ሺህ ቶን አካባቢ አድጓል። አካፍለን ብናየው የአንድ ኪሎ አማካይ ገቢ የጨመረው በአንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን፤ በዚያው ጊዜ የኒው ዮርኩ አማካይ ዋጋ ከግማሽ በላይ ጨምሯል። ከገቢው ዕድገት አብዛኛው ድርሻ የብዛት እንጂ የዋጋ አይደለም ማለት ነው።

ብዛቱስ ከየት መጣ? የቡና ዛፍ በአንድ ዓመት አይደርስም። በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ላኪዎች ቡናን በኪሳራ እየሸጡ በሚያገኙት ዶላር ሌላ ሸቀጥ አስገብተው ያተርፉ እንደነበር፣ በኮንትሮባንድ የሚወጣውም ቀላል እንዳልነበር በዘርፉ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ተመኑ ሲስተካከል ተደብቆ የቆየው ቡና ወደ መደበኛው መንገድ ተመለሰ። ይህ በጎ ለውጥ ቢሆንም አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው፤ የተመለሰ ቡና ዳግመኛ አይመለስም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው ሲባል፣ በየስብሰባው የምንሰማው መልስ «እሴት መጨመር» ነው፤ ቆልተን፣ አሽገን፣ በስማችን እንሽጥ የሚል። ሐሳቡን አልንቅም። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ጋር በስምምነት የተቋጨው ክርክር ስም ዋጋ እንዳለው አሳይቷል። ዳቪሮንና ፖንቴ «የቡና ተቃርኖ» ባሉት መጽሐፋቸው እንዳሳዩትም፣ ሸማቹ ጽዋ ውስጥ የሚከፍለው ለፍሬው ብቻ ሳይሆን ለስሙ፣ ለቦታውና ለአገልግሎቱ ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው እንቅፋቱ ቀረጥ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚጥለው 7.5 በመቶ ቀረጥ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በልማት ወደኋላ የቀሩ አገሮችን አይነካም፤ ያለ ቀረጥ እንገባለን። የተቆላ ቡና ቶሎ መዓዛውን ማጣቱ፣ ቆይዎች የብዙ አገር ቡና የሚቀይጡ መሆናቸው፣ የሱቅ መደርደሪያ ማግኘት ውድ መሆኑ ናቸው የሚያግዱን።

ከፕሬቢሽ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው አርተር ሉዊስ ነው የምለው እዚህ ላይ ነው። ሉዊስን የምናስታውሰው እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ባለ ሁለት ዘርፍ ሞዴል ነው፤ በዚያው ጽሑፉ መጨረሻ ያነሳውና ኋላም ያሰፋው ሐሳብ ግን በትምህርት ክፍላችን ብዙም አይነሳም። ጥያቄው ቀላል ነው፤ የሱፍ አምራቹ አውስትራሊያዊ ለምን ከሻይና ከቡና አምራቹ ይበልጥ ሀብታም ሆነ? ሁለቱም ጥሬ ምርት ላኪ ናቸው። መልሱ እንዲህ ነው፤ ወደ አውስትራሊያ የሚሰደደው እንግሊዛዊ አገሩ ቢቀር ከሚያገኘው ያነሰ አይቀበልም ነበር፤ የአገሩ ገበሬ ከአንድ ኤከር የሚያገኘው ስንዴ ደግሞ የሐሩር አገር ገበሬ ከሚያገኘው እህል ከእጥፍ በላይ ነበር። የሐሩር ገበሬው አማራጭ ለራሱ ፍጆታ የሚያመርተው ጥቂት እህል ስለሆነ፣ ቡናን በዝቅተኛ ዋጋ ለማምረት ይስማማል። በቡና ላይ የሚመጣ የምርታማነት ዕድገትም በውድድር ምክንያት ዞሮ ዞሮ ለሸማቹ ይተላለፋል። የቡና ዋጋ ወለል የሚነጠፈው እንግዲህ በእህሉ ማሳ ላይ ነው።

ይህ ረቂቅ ሐሳብ እንዳይመስል ሐረርጌን እንመልከት። ብዙ ገበሬዎች ቡናቸውን ነቅለው ጫት ተክለዋል፤ ጫት የተሻለና ቶሎ ቶሎ የሚገኝ ገቢ ስላለው። ያልነቀለው ቡናውን በርካሽ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም፤ የሐረር ቡና ውድ መሆኑ ከጣዕሙ ብቻ የመጣ አይደለም። በሉዊስ ቋንቋ፣ የገበሬው አማራጭ ሲሻሻል የቡናው ዋጋ ወይ ይጨምራል ወይ ቡናው ይጠፋል። ጫት የምንመኘው አማራጭ አለመሆኑን መናገር አያስፈልገኝም፤ አሠራሩን ግን በግልጽ ያሳያል።

የተወለድኩት በጅማ ዞን ነው። አባቴ ባለፈው የምርት ዘመን እሸት ቡናውን በሕይወቱ ሸጦት በማያውቀው ዋጋ ለመፈልፈያ ጣቢያ አስረከበ። በዓሉን ልናከብር ስንሰባሰብ ስለ ዋጋው ጠየቅሁት። «ጥሩ ነው፤ በቆሎውም እኮ ተወደደ» ብሎ ዝም አለ። ከገንዘቡ ከፊሉ የሄደው በቆሎ መግዣ ነበር፤ የእርሱ የበቆሎ ማሳ ለቤተሰቡ የሚበቃው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። የአገራችን አማካይ የበቆሎ ምርት በሄክታር ወደ 4 ቶን ሲሆን የአሜሪካው ወደ 11 ቶን ነው፤ የአባቴ ከአማካዩም በታች ነው። በቡና አብቃይ ወረዳዎች የግብርና ባለሙያው ጊዜውንና ማዳበሪያውን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስን ሰው፣ ሳያውቀው የቡናንም ዋጋ እየወሰነ ነው።

ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ኢትዮጵያ ብቻዋን የእህል ምርታማነቷን ብታሳድግ፣ ብራዚልና ቬትናም ርካሽ ቡና ማቅረባቸውን አያቆሙም ይባላል። ትክክል ነው፤ ሉዊስም የተናገረው ስለ ሐሩር አገሮች ሁሉ እንጂ ስለ አንድ አገር አይደለም። ሆኖም ዋጋው ባይጨምር እንኳ ገበሬው በዋጋው መውደቅ አይራብም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም አቀፉ ቡና ስምምነት ኮታ ከፈረሰ በኋላና በ2001 ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች በወረደ ጊዜ የቡና አብቃዩን ቤተሰብ የጎዳው አንድም ይህ ዋስትና ማጣቱ ነበር።

ስለዚህ በየዓመቱ የኒው ዮርክን ዋጋ በዶላር ከመከታተል ጎን ለጎን፣ አንድ ኪሎ እሸት ቡና በገበሬው ቅርብ ገበያ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል የሚለውን ብናሰላ መልካም ይመስለኛል። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚሰበስበው የአምራቾች ዋጋ መረጃ ለዚህ መነሻ ይሆናል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ የክፍል ባልደረባ ካለ፣ የጅማንና የምዕራብ ሐረርጌን ወረዳዎች አነጻጽሮ ቢጀምር የራሴን ማስታወሻዎች በደስታ አካፍለዋለሁ።