ትልቁን ካይት አትግዙት

ሰሞኑን ከስኬቬኒንገን ባሕር ዳርቻ የለጠፍኩትን ቪዲዮ አይታችሁ በኢንቦክስ የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ግማሾቻችሁ «ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜዎ ካይት?» ብላችሁ ስቃችኋል፤ ለእናንተ ወረድ ብዬ መልስ አለኝ። የቀራችሁት ግን በቀጥታ «የቱን ልግዛ?» አላችሁኝ። ይሄ ጽሑፍ በዋናነት ለእናንተ ነው። ምክንያቱም አራት ሰዎች፣ እርስ በርስ ሳትነጋገሩ፣ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ነው የላካችሁልኝ፦ ያገለገለ፣ 5 ካሬ ሜትር፣ ለውድድር የተሠራ፣ ዋጋው ቀነስ ያለ። ከሥሩም «ሃይ ፐርፎርማንስ» ይላል።

አትግዙት። መጥፎ ዕቃ ስለሆነ አይደለም። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው። ሐሳባችሁ ሜዳ ላይ ቆማችሁ መዝናናት ከሆነ፣ ያ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚባለው ነገር ለእናንተ አይሠራም፤ እንዲያውም ይሠራባችኋል።

እስቲ ላስረዳ። (የክፍል አመሌ አይለቀኝም፤ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ አስቡኝ።)

ልጅ ሆነን ከፌስታልና ከቀጭን እንጨት የምንሠራው ካይት ይነሳል፣ ይንሳፈፋል፣ በቃ። አሁን የማወራው ግን ፓወር ካይት ስለሚባለው፣ ሰው መጎተት ስለሚችለው ነው። አብዛኞቹ አጥንት የላቸውም፤ ከናይለን ጨርቅ ተሰፍተው ፊታቸው ክፍት የሆነ ተርታ ኪሶች ናቸው። ነፋሱ ራሱ ይሞላቸውና የአውሮፕላን ክንፍ ቅርጽ ይይዛሉ። ዶሚና ጃልበርት የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ዛሬ ፓራግላይደሩም የሚበርረው በዚሁ ነው። በ1970ዎቹ እንግሊዞች ፍሌክሲፎይል የሚባለውን ሠሩ። በ1990 አካባቢ ደግሞ ኒውዚላንዳዊው ፒተር ሊን በካይት የሚጎተት ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ይዞ መጣና ነገሩ ስፖርት ሆነ። ይቺን ጋሪ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ቁጥሩ። የካይቱ ጉተታ ከክንፉ ስፋት ጋር በቀጥታ ነው የሚጨምረው፤ ከነፋሱ ፍጥነት ጋር ግን በስኩዌር። ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር ወደ 7 ሜትር ሲሄድ ፊታችሁ ላይ ያን ያህል ልዩነት አይሰማችሁም። እጃችሁ ላይ ያለው ጉተታ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው (25 ነበር፣ 49 ሆነ)። 10 ሜትር ሲገባ አራት እጥፍ። ሰው ሁሉ ስለ ካሬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ነፋስ የጠየቀኝ ግን የለም! ከ3 ካሬ ወደ 5 ካሬ ስትሄዱ የምትጨምሩት 67 በመቶ ነው፤ አንድ ድንገተኛ ነፋስ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከዚያ በላይ ሊጨምርባችሁ ይችላል።

ደግሞ ካይቱ ራሱ ይሮጣል። ከራሳችሁ በላይ ዝም ብሎ ሲቆም የሚያገኘው የሜዳውን ነፋስ ብቻ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ስትነዱት ግን የራሱ ፍጥነት ይታከልበታል፤ ጥሩ ክንፍ ከነፋሱ አራት እጥፍ መሮጥ ይችላል። አራት በአራት 16። 3 ካሬ ካይት በሰከንድ 6 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ላይ ቆሞ 5 ኪሎ ያህል ቢስብ፣ በዚያው ነፋስ መሀል ለመሀል ሲከንፍ በወረቀት ስሌት 80 ኪሎ ይደርሳል። በተግባር ከዚህ ያንሳል፤ ገመዱ ራሱ አየር ይይዛል፣ እናንተም በተረከዛችሁ እየተንሸራተታችሁ ትከተላላችሁ። ግን ሐሳቡ ገባችሁ፦ 3 ካሬ ትንሽ አይደለም።

ወደ ጋሪዋ። የውድድር ካይት ረጅምና ጠባብ ነው። ይሄ ቅርጽ አየሩን በቀላሉ ስለሚሰነጥቅ ካይቱ ወደ ነፋሱ አፍ በጣም ተጠግቶ ይበርራል። ጋሪ ላይ ለተቀመጠ ሰው ወርቅ ነው። ጋሪው ሲሮጥ የሚሰማው ነፋስ ከፊት መምጣት ይጀምራል፣ ካይቱ ዳር ላይ ይቆምና ሳይዞር፣ ሳይወዛወዝ ረጅም መንገድ ይጎትታል። ኃይል በመጣ ቁጥር ጋሪው ወደ ፍጥነት ይቀይረዋል። ማለትም ጉልበቱ መውጫ አለው።

እናንተ ግን ቆማችኋል። መውጫው የእናንተ ትከሻ ነው።

ቆሞ ለሚያበርር ሰው ያው ካይት አመሉ ይከፋል። ሲዞር ሰፊ ሰማይ ይፈልጋል፤ እናንተ «ዙር» ስትሉት እሱ ገና እያሰበ ነው። ከራሳችሁ በላይ ሲወጣ ደግሞ በራሱ ፍጥነት ያልፋችኋል። ያን ጊዜ ነፋሱ ከፊቱ ያመልጠዋል፣ ክንፉ ይታጠፋል፣ ገመዱ ይላላል፣ ወደ ታች መውደቅ ይጀምራል። የሚወድቀው የት ነው? በትክክል ፊት ለፊታችሁ፣ ጉተታው ከሁሉም ቦታ በሚበረታበት። እዚያ ሲደርስ በአንድ ቅጽበት ተመልሶ ይሞላል። 5 ካሬ ክንፍ፣ ከነሙሉ ነፋሱ፣ ዘና ባለ እጅ ላይ።

ይሄን ባለፈው ጸደይ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእኔ በጣም የሚገዝፍ ሰውዬ ነው። ካይቱ ከላይ ታጠፈበት፣ ወደቀ፣ ሞላ፤ ሰውዬውን አንሥቶ ጥቂት ሜትር ወሰደውና እርጥብ አሸዋ ላይ ጣለው። ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። አብሮኝ የነበረ የሀገር ልጅ መጋዘን ውስጥ በጊዜያዊ ኮንትራት ነው የሚሠራው። አምቡላንሱ ሲሄድ ሌላ ምንም አላለም፤ «እኔ ብሆን የወሩን ኪራይ ማን ይከፍልልኛል?» ብቻ አለ። ከጻፋችሁልኝ ውስጥ ስንቶቻችሁ በእግራችሁ ቆማችሁ እንጀራ እንደምትበሉ ስለማውቅ ነው ዛሬ እንዲህ የረዘምኩት።

ታዲያ የቱን?

ከ60 እስከ 80 ኪሎ ለምትመዝኑ፣ በ3 እና 4 ቦፎርት ነፋስ (በሰዓት ከ12 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው)፦ 3 ካሬ ወይም ትንሽ ያነሰ፣ ባለ አራት ገመድ፣ በሁለት እጅ መያዣ የሚነዳ፣ ቅርጹ በጣም ያልረዘመ። ነፋሱ 5 ቦፎርት በሚነካበት አካባቢ ከሆናችሁ 2 ካሬ ይበቃል። ባለ አራት ገመዱን የምመርጥበት ምክንያት ፍሬን ስላለው ነው። ሁለቱ ገመዶች ይጎትታሉ፣ ሁለቱ የክንፉን ኋላ ይይዛሉ። በፍሬን ካይቱን አሳርፉት፣ በፊቱ ከተደፋ ወደኋላ አስነሱት፣ ባለበት ቦታ እንደ እንዝርት አሽከርክሩት። ባለ ሁለት ገመዱ ርካሽና ቀላል ነው፤ ከልጅ ጋር ለመጫወት ከ2 ካሬ በታች የሆነውን አልቃወምም። በወገብ መታጠቂያ የሚያያዘውና በዘንግ የሚነዳው ደግሞ ውኃ ላይ ሰሌዳ ልትረግጡ ስታስቡ ይድረሳችሁ። አሁን ለምን ራሳችሁን ታስራላችሁ?

«ትንሽ ከገዛሁ በወሩ ይሰለቸኛል» የሚል ክርክር አለ። ገባኝ። ለልጅ ልብስ ስንገዛ «ያድግበታል» ብለን ሁለት ቁጥር እናስበልጥ የለ? ካይት ሱሪ አይደለም፣ እግሩን አጥፋችሁ አትለብሱትም። ደግሞም አይሰለችም። ትንሽ ክንፍ ቶሎ ይዞራል፣ ይምዘገዘጋል፣ መሬት ሊነካ አንድ ክንድ ሲቀረው ትመልሱታላችሁ፤ ደስታው ያለው እዚያ ላይ ነው እንጂ እንደ በሬ መጎተት ላይ አይደለም። ነፋሱ ሲጠነክር ያው 3 ካሬ ሌላ ካይት ይሆንባችኋል። አንድ ዓመት ሙሉ ተጫውታችሁበት፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ቁጭ ማለቱ ካስመረራችሁ ያኔ ለደካማ ነፋስ 5 ካሬ ጨምሩ። እሱንም ለውድድር ያልተሠራውን።

ጋሪ የሚነዱ ወዳጆቼ እዚህ ላይ «ታበዛዋለህ» ይሉኛል። በእነሱ አባባል በ2 ቦፎርት ሰፊ ዳርቻ ላይ የውድድሩን ካይት መልመድ ይቻላል። ይቻላል፣ አልክድም፤ የለመዱም አሉ። ግን የሆላንድ ነፋስ ጠዋት 2 ነኝ ብሎ ከምሳ በኋላ 5 የሚሆንበትን ቀን ማን ይቆጥርላችኋል? እነሱ ሃያ ዓመት አንገታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ደመና ሲያነቡ የኖሩ ናቸው።

ያገለገለ መግዛት ጥሩ ነው፣ ግን ጨርቁን እዩ። ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ቀጥሎ አፋችሁን ገጥማችሁ ንፉ። ትንፋሻችሁ በቀላሉ ካለፈ ጨርቁን ፀሐይ ጨርሶታል፣ ፎቶው የፈለገውን ያህል ቢያምር ተዉት። ጥሩ ጨርቅ ሲጨበጥ እንደ አዲስ ብር ይንኮሻኮሻል። አራቱን ገመዶች አንድ ካስማ ላይ አስራችሁ ወጥሩና ርዝመታቸውን አወዳድሩ፤ አንዱ በአንድ ጣት እንኳ ቢለይ ካይቱ ወደ ጎን ይጎትታል፣ እናንተም መንዳት አልቻልኩም ብላችሁ ራሳችሁን ትወቅሳላችሁ። መሀል ላይ ቋጠሮ ያለውን ገመድ ደግሞ ቀይሩት፤ ቋጠሮ ባለበት ቦታ ነው የሚበጠሰው።

ስለ ገመዱ ካነሳሁ አይቀር፦ ዳይኒማ ይባላል፣ በክብደት ከተመዘነ ከብረት ይጠነክራል፣ ስፌት ክር ያህል ይቀጥናል። ሲወጠር ቢላዋ ነው። በባዶ እጅ አትያዙት፣ ከፊታችሁ ሰው እንዲያልፍ አትፍቀዱ፣ በተለይ ሕፃንና ውሻ። ከመያዣው ጋር የሚሸጥ የእጅ አንጓ ማሰሪያ አለ፣ ከፍሬን ገመዶቹ ጋር የሚያያዝ። መያዣውን ስትለቁ ካይቱ በፍሬኑ ብቻ ይንጠለጠልና እየተርገበገበ ይወርዳል። ሻጩ «የለውም» ካለ ለብቻው ግዙ። እኔ ያለሱ አላስነሳም። ጉተታ ሲበዛ ደግሞ መያዣውን አጥብቆ መያዝ የሰው ተፈጥሮ ነው፤ ስለዚህ በቀላል ነፋስ መልቀቅን ደጋግማችሁ ተለማመዱ።

አዳማ ያላችሁ ልጆቼ! እናንተም ጠይቃችኋል። «እዚህ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ሳስቷል፣ ተለቅ ያለ ያስፈልገናል» ያለው ልጅ ፊዚክሱን አልረሳም፣ ኮርቼበታለሁ። ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ 20 በመቶ። ግን ስሌቱን ጨርሰው፦ ጉተታው ከአየሩ ጥግግት ጋር በቀጥታ፣ ከነፋሱ ጋር በስኩዌር ነው ብለናል። የ15 በመቶውን ጉድለት ነፋሱ 9 በመቶ ቢጨምር ይሞላዋል። አዳማ ላይ ደግሞ ነፋስ አልጠፋም፤ እነዚያ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። ስለዚህ እዚያም 3 ካሬ፣ ምናልባትም 2።

የአዳማው ችግር ከፍታው ሳይሆን ሌላ ነው። በበጋ እኩለ ቀን ላይ አቧራ እያነሳ የሚሽከረከረውን አውሎ ነፋስ ታውቁታላችሁ። እሱ ካይት ውስጥ ሲገባ አቅጣጫ የለውም። ጠዋት አብርሩ፣ አቧራው መሽከርከር ሲጀምር አውርዱ። የመብራት ገመድ ካለበት ሜዳ ራቁ፤ የካይቱ ገመድ ከ20 እስከ 25 ሜትር ነው፣ ምሰሶው ሩቅ መስሏችሁ ይደርሳል። መንገድ ዳርም አይሆንም፣ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ያን ቀጭን ገመድ አያየውም። እዚህ ሰዎች የባሕሩን ዳርቻ የሚወዱት ውኃ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ያገኘው እንቅፋት ስለሌለ ወጥ ነው። ከሕንፃና ከኮረብታ ጀርባ ያለው ነፋስ ግን የተሰባበረ ነው። እናንተም ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ሜዳው ክፍት የሆነ ቦታ ፈልጉ።

አሁን ለሳቃችሁት። እዚህ ሀገር የምናውቀው ሕይወት ሽፍት፣ ቤት፣ ስልክ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ ነው። ሠርጉም ቢሆን አዳራሽ ተከራይተን ቆመን የምናስተናግድበት ሥራ ነው። ጎረቤቴ ያሉ የ70 ዓመት ሆላንዳዊ እሑድ እሑድ ካይታቸውን በብስክሌት ጭነው ሲወጡ ማንም «ዕድሜዎን አያውቁም?» አይላቸውም። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው መጫወት ሲያምረው የልጁን ስም ይጠራል፤ «ለልጄ ነው የገዛሁት» ይላል። እኔ ለራሴ ነው የገዛሁት። ልጄ ካይት አትወድም።

ሄግ፣ ዴልፍትና ሮተርዳም ያላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ትንበያው ከ4 ቦፎርት ካላለፈ ዳርቻው ላይ ነኝ። የፈለገ ይምጣና ከመግዛቱ በፊት የእኔን 3 ካሬ ይሞክር። ለካይት የተፈቀደውን ቦታ በኢንቦክስ እልክላችኋለሁ። ጓንትና የሚታሰር ጫማ አድርጉ፣ ቡናውን እኔ አመጣለሁ። ማስታወቂያ የላካችሁልኝ አራታችሁ ደግሞ ኪሎአችሁን ጻፉልኝ። አታፍሩ፣ እኔ 68 ነኝ።