ጥይት ለመግዛት ማንን ማስፈቀድ ያስፈልጋል?

አሜሪካ ውስጥ ኪም ሮዲ የምትባል ስመ ጥር ተኳሽ አለች። ወደ ሰማይ የሚወነጨፍ የሸክላ ዲስክ በመምታት እንደ ፈረንጆቹ ከ1996 እስከ 2016 በተካሄዱ ስድስት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ስድስት ሜዳሊያ አግኝታለች፤ ሦስቱ ወርቅ ናቸው። አትላንታ ላይ ስታሸንፍ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበረች።

አሁን ስሟ በብዛት የሚነሳው ግን በፍርድ ቤት ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2019 አጋማሽ ጀምሮ ጥይት የሚገዛ ሰው በየግዢው ማንነቱ እንዲጣራ አዘዘች፤ በፖስታ በቀጥታ ወደ ቤት ማስመጣትንም ከለከለች። ግዛቲቱ የምትለው፣ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው ጥይትም ማግኘት የለበትም ነው። ይህ ለእኔ ተገቢ ነው። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ስማቸው ወይም አድራሻቸው ከመዝገቡ ጋር ስላልገጠመ ብቻ ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሕጋዊ ገዢዎች አሉ። ስማችን በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ለተጻፈብን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም!

ሮዲ ከሌሎች ጋር ሆና በ2018 ከሰሰች። ዳኛ ሮጀር ቤኒቴዝ በ2024 መጀመሪያ ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለው ፈረዱ፤ በሐምሌ 2025 የይግባኝ ችሎት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ደገፋቸው። ሙግቱ ግን በዚያ አላበቃም።

እዚህ እስራኤል መሣሪያ መያዝ መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ እንጂ መብት አይደለም። አንድ ተራ ባለፈቃድ መያዝ የሚችለው 50 ጥይት ነበር፤ ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ጥቃት በኋላ ወደ 100 ከፍ ብሏል። ለሮዲ ይህ ለአንድ ጧት ልምምድም አይበቃት።