ከሰማንያው በኋላ ማን ይጠይቀዋል?

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምጽፈው ሚስቱ ስለሞተችበት ወንድ ጤና ነው።

ባሏ የሞተባት ሴት "መበለት" የሚል ስም አላት። ሚስቱ የሞተችበት ወንድስ? በየቀኑ በምንነጋገርበት አማርኛ አንድ ቃል እንኳን የለውም። "እገሌ፣ ያ ሚስቱ የሞተችበት" ብለን ዙሪያውን ዞረን ነው የምንጠራው። ችግሩንም እንደዚሁ ዙሪያውን ነው የምንዞረው።

ሃሳቤ ይሄ ነው፦ የኛ ሀገር ለቅሶ ወንዱን ደግፎ የሚይዘው ገና ምንም ሳይጎድልበት ነው። ሚስቱ ስትሸፍንለት የኖረችው ጉድለት አንድ በአንድ መታየት ሲጀምር ሁላችንም ወደየቤታችን ሄደናል።

እስቲ አስቡት። ሰው ሲሞት የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል። ጎረቤት እንጀራና ወጥ ተሸክሞ ይመጣል። ሀዘንተኛው አልበላም ቢል በጉርሻ አስገድደው ያበሉታል። ሌሊት ብቻውን አያድርም፤ ወጣቶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያነጋሉ። ከሰልስቱ በኋላ ድንኳኑ ይነሳል። ለአርባው ሰው ይመጣል፣ ለሰማንያው ይቀንሳል፣ ከዚያ ሙት ዓመት ነው። (ሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋ የለቅሶው ቀን ያጥራል እንጂ ነገሩ ያው ነው።) በሰማንያውና በሙት ዓመቱ መሀል ዘጠኝ ወር ከምናምን አለ። በዚያ ዘጠኝ ወር ማን በሩን ያንኳኳል?

እንግሊዝ ሀገር የተሠራ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ኮሊን መሪ ፓርክስ የሚባል የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው ያሳተሙት። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሚስቶቻቸው የሞቱባቸው 4,486 ወንዶችን ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ 213ቱ ሞቱ። ሚስት ካላቸው እኩዮቻቸው መሀል ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው በ40 በመቶ ይበልጣል ማለት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ እኩዮቻቸው ወረደ። በነዚያ ወራት ከሁሉም በላይ ጎልቶ የጨመረው በልብ ሕመም የሞቱት ቁጥር ነው።

"እሱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ ጋ ሰው አለ" የሚል ኮሜንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። አዎ ሰው አለ። እስከ ሰማንያው።

ባዮሎጂ ስለማስተምር ትንሽ ልበል። ሀዘን ሰውነት ውስጥም ነው የሚሠራው። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ደም ግፊት ይወጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ይሄ ለሴትም ለወንድም ነው። ወንዱ ላይ የሚጨመረው ሌላ ነው፤ በብዙ ቤት የባል ጤና ኃላፊዋ ሚስት ናት።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ወር አካባቢ ሲሆን ልጠይቃቸው ገባሁና "ጋሼ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?" አልኳቸው። "የትኛውን?" አሉኝ። እየቀለዱ አልነበረም። ለ11 ዓመት ኪኒኑን ከቁርሳቸው ጋር ሰሀኑ ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጡላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። ስሙን አያውቁትም፣ የቀጠሮ ካርዱም የት እንዳለ አያውቁም። ፈልገን ፈልገን ያገኘነው በሟች ቦርሳ ውስጥ፣ በመሀረብ ተጠቅልሎ ነው። አምሎዲፒን ይላል። ቀጠሮው ካለፈ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። 34 ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው እኮ! በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግፊታቸው 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። "ምንም አላመመኝም" ነበር የሚሉት። የደም ግፊት ጠባዩ ይሄው ነው፣ ሳያም ነው ልብንና ኩላሊትን የሚጎዳው።

ስለ ምግቡም ጠየቅኳቸው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን አንዳንዴ ሽሮ ከምግብ ቤት፣ ማታ ደግሞ ግሮሰሪ። መጠጥ የሚወዱ ሰው አልነበሩም፤ ማታ ማታ ሰው ያለበት፣ መብራቱ የበራ ቤት እሱ ስለሆነ ነው። "ዛሬ ምነው ዘገዩ?" ብላ የምትጠይቃቸው አስተናጋጇ ብቻ ሆናለች። ልጆቻቸው አንዷ ዱባይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው፤ ብር በየወሩ ይልካሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ብሩ ግን ሽሮ አይሠራም፣ ኪኒንም አያስታውስም።

"ሴቶቹስ?" የምትሉም አላችሁ፣ ልክ ናችሁ። ባሏ የሞተባት ሴት በገንዘብ፣ በመሬት፣ በቤት ጉዳይ የሚደርስባት መከራ ከወንዱ በብዙ ይብሳል። ግን እሷ ቡና የምትጠራራው ጎረቤት አላት፣ ማኅበር አላት፣ አብራት የምታለቅስ እህት አላት። ወንዱ ጓደኛ የለውም ማለቴ አይደለም። ከጓደኞቹ ጋር ስለ ኳስና ስለ ፖለቲካ ያወራል፣ "ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ" ግን አይልም። ቢልም መልሱ "አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ!" ነው። ወንድ ሲሆን የልብ ደም ስሩ ከሌላ ነገር ነው እንዴ የተሠራው?

እንደ አስተማሪ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የሚከተለው ነው። እናት ስትሞት የአባትን ጉድለት የምትሞላው ማናት? ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጅ ናት። መጀመሪያ ሰኞ ትቀራለች፣ እንጀራ ልትጋግር። ከዚያ የገበያ ቀን። ከዚያ ፈተና ላይ። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት "አቋርጣለች" ተብሎ ይጻፋል። ሴት ልጅ ከሌለው ደግሞ ከገጠር የዘመድ ልጅ ትመጣለታለች፣ "እዚህ ሆና ትማራለች" ተብሎ። ስንቷ እንደተማረች እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን። በዚያው ቤት 17 ዓመት የሞላው ወንድሟ ቁጭ ብሎ ምሳ ይጠብቃል። ልጄ፣ ሽሮ ማማሰል ጾታ የለውም! ዛሬ ያልለመድከውን ነገ 60 ዓመት ሲሞላህ ማን ያስተምርሃል?

ሌላው የለመድነው መድኃኒት "ሚስት አግባ" ነው። የፌዴራሉ የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ሴቷ እንደገና ለማግባት 180 ቀን እንድትቆይ ይላል፤ ከተፀነሰ ልጅ አባትነት ጋር የተያያዘ ነው። ወንዱን እንዲህ አይገድበውም፣ ዘመዱም ጊዜ አይሰጠውም። ገና ሰማንያው ሳይወጣ "ቤትህ በሴት ካልተያዘ" ይጀመራል። ወዶ የሚያገባ ያግባ፣ ደስ ይለኛል። ወጥ ሠሪና ኪኒን አስታዋሽ ፍለጋ የሚደረገውን ግን ትዳር ለማለት ይከብደኛል። ልጆቹ ደግሞ ቤቱን እያሰቡ "አባዬ ምን ነካው" ማለት ይጀምራሉ። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሆነ ልለፈው።

ምን ይደረግ? አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፣ እድር አለን። እድር ማን እንደሞተ፣ የማን ባል ብቻውን እንደቀረ ስም ዝርዝሩ በእጁ ነው። ለለቅሶው ተረኛ እንደሚመደብ ሁሉ፣ ከአርባው በኋላ ሁለት ሰው ይመደብ። በየ15 ቀኑ፣ ለስድስት ወር። ሄደው ስለ ሟች ቢያወሩ ጥሩ ነው፤ ግን ሳይጠይቁ እንዳይወጡ፦ ምን በላህ፣ ትተኛለህ ወይ፣ መድኃኒትህን አሳየኝ፣ ቀጠሮህ መቼ ነው? የጤና መድን ደብተሩ መታደሱንም ይዩለት። ካርዱ የነበረበት ቦርሳ ውስጥ ነው የሚገኘው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉ። ከ20 ዓመት በላይ ቤት ለቤት እየዞሩ ብዙ እናት አድነዋል፣ ክብር ይገባቸዋል። እናት የሌለችበት ቤት ሲደርሱ ግን ሽማግሌው "ሴቶቹ የሉም" ይላቸዋል፣ እነሱም "እሺ አባባ" ብለው ያልፋሉ። እሱንም ግፊቱን ለክተውት ይለፉ።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ፣ አባታችሁ ጋ ስትደውሉ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ሲላችሁ አትዝጉት። የኪኒኑን እሽግ በቪዲዮ አሳየኝ በሉት። ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

ባለፈው እሁድ እድራችን ስብሰባ ላይ ይሄን ሃሳብ አንስቼው ነበር። አንድ አባት "አንተ ልጅ፣ እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው" አሉኝ፣ ሰው ሳቀ። ጋሼም እዚያው ነበሩ፣ እሳቸው አልሳቁም። ሊቀመንበሩ ለሚቀጥለው ወር አጀንዳ ይያዝ ብለዋል። በናንተ እድር እንዲህ ዓይነት ነገር በደንብ ላይ የተጻፈ ካለ፣ ገጹን ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። አትሜ ይዤው ልግባ።