ገጭቶ መሸሽና ገጭቶ መቆም

ባለፈው ወር አንድ ማታ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መንገድ ሲሻገር ሚኒባስ ገጨው። ሾፌሩ ወዲያው ፍሬን ያዘ፤ በሩንም ከፍቶ አንድ እግሩን መሬት አስረገጠ። ነገር ግን ሰው ከየአቅጣጫው እየጮኸ ሲሮጥ ባየ ጊዜ ተመልሶ ገባና መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ተማሪውን በታክሲ ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ያደረሱት በመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናትና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የተሰበረው እግሩ ብቻ ነው፤ አሁን በክራንች ክፍል ይገባል።

ይህን ርእሰ አንቀጽ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን አደጋው ብቻ አይደለም። በማግስቱ በምግብ አዳራሽ ነገሩ ሲወራ ከአንድ በላይ የሆኑ ጓደኞቻችን «እኔም ብሆን እሸሽ ነበር፤ ቆሞ ምን ሊጠቀም? ይደበደባል፥ ይታሰራል፥ ዕድሜ ልኩን ሲከፍል ይኖራል» ሲሉ ሰማን። ይህን የተናገሩት ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሕጉን ሳያውቁ ፍርሃትን ብቻ የሚያውቁ ሆነው ነው። ከመካከላችን አባቱ ወይም ወንድሙ በመሪ የሚተዳደር ብዙ ነው። ነገም ከዚህ ወጥተን መንጃ ፈቃድ የምናወጣ እኛው ነን። ስለዚህ «ቢቆም ምን ይጠቀማል?» የተባለውን ጥያቄ በሕጉ ፊት አቁመን ለመመርመር ወደናል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንለይ። አንድ የመኪና አደጋ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ያስነሣል፤ ሰው የሚሳሳተውም ሦስቱን አንድ አድርጎ ስለሚያይ ነው። አንደኛው «ወንጀል ተሠርቷልን?» የሚል ነው፤ ይህን የሚጠይቀው መንግሥት ነው። ሁለተኛው «የተጎዳውን ማን ይክሰዋል?» የሚል ነው፤ ይህን የሚጠይቀው ተጎጂው ወይም ቤተ ሰቡ ነው። ሦስተኛው «መድኑ እስከ ምን ድረስ ይከፍላል?» የሚል ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ፥ የራሱ ማስረጃና የራሱ መልስ አለው።

ወንጀሉን እንመልከት። አደጋ ሁሉ ወንጀል አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሾፌሩን የሚጠይቀው በቸልተኝነት ላደረሰው ጉዳት ነው። ሰው ቢሞት አንቀጽ 543 ይነሣል። እንደ ሐኪም ወይም እንደ ሾፌር የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ቢያጠፋ ከ1 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እንደሆኑ፥ ወይም ሾፌሩ ሰክሮ ወይም ደንብን ዐውቆ ጥሶ እንደሆነ ግን ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል፤ የገንዘብ መቀጮም ይታከልበታል። ይህ ቀላል ነገር ነው አንልም። ነገር ግን በፍጥነት ሲበር የነበረውና በልኩ ሲሄድ ሰው ድንገት የገባበት ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ልዩነቱን የሚያሳየው የጎማው ምልክት፥ የመኪናው አቋቋም፥ የትራፊክ ፖሊሱ የሚያነሣው ፕላንና የምስክሮች ቃል ነው። የሸሸ ሰው ይህን ሁሉ ማስረጃ ጥሎ ይሄዳል። ለራሱ የሚመሰክርለትን ነገር በገዛ እጁ ያጠፋል ማለት ነው።

መሸሹ ራሱ ደግሞ ሌላ ጥፋት ይወልዳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 በአስጊ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ጥሎ የሄደውን ሁሉ ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ጥሎ የሄደው ሰው ሲሆን ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ስለዚህ በአደጋው ምንም ጥፋት ያልነበረበት ሾፌር እንኳ በመሸሹ ብቻ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። የትራፊክ ደንቡም አደጋ ያጋጠመው ነጂ እንዲቆም፥ የተጎዳውን እንዲረዳና ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ያዛል።

አሁን በምግብ አዳራሽ ለተነሣው ጥያቄ ዋናውን መልስ እንስጥ። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 82 ቅጣት የሚቀንሱ ምክንያቶችን ሲዘረዝር፥ ጥፋተኛው ከድርጊቱ በኋላ ከልብ መጸጸቱን፥ ይልቁንም የጎዳውን ሰው መርዳቱን፥ ራሱን ለሕግ ማቅረቡንና በተቻለው መጠን ጉዳቱን መካሱን ይጠቅሳል። ቆሞ ተጎጂውን ያነሣ፥ ወደ ሐኪም ቤት ያደረሰና ለፖሊስ ያመለከተ ሾፌር ምናልባት ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ይህን ሁሉ ይዞ በዳኛ ፊት ይቆማል። «ቢቆም ምን ይጠቀማል?» ላሉት ወንድሞቻችን ሕጉ ራሱ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው።

«ይታሰራል» ስለተባለውም ጥቂት እንበል። ለምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት እንዲነገረው፥ ላለመናገር መብት እንዳለው፥ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብና በማስገደድ ቃሉን እንዳይሰጥ ደንግጓል። እንግዲህ ሾፌር ማወቅ ያለበት ልዩነት ይህ ነው፤ ስሙን፥ መንጃ ፈቃዱን፥ የሰሌዳ ቁጥሩንና የመድን ወረቀቱን ማሳየት ግዴታው ሲሆን፥ በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ መፈረም ግን ግዴታው አይደለም። የሆነውን እንደሆነው ይናገር፤ ጥፋተኛውን መለየት የዳኛ ሥራ ነው። የመድን ውሎችም ብዙውን ጊዜ ኩባንያው ሳያውቅ ኃላፊነትን ማመንንና በገንዘብ መስማማትን ይከለክላሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር ነገሩ ይለወጣል። ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ አርቅቀውት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለ ንብረቱን ኃላፊ ያደርገዋል። ባለ ንብረቱ ያላዘዘው ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም፤ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ሲያስረዳ ነው። እንዲሁም ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው እንደሆነ ኃላፊነቱ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። ስለዚህ ደመወዝተኛው ሾፌር «ዕድሜ ልኬን ስከፍል እኖራለሁ» ብሎ ሲሸሽ፥ ሕጉ ካሳውን አስቀድሞ የሚጠይቀው ባለ መኪናውን መሆኑን አላወቀም ማለት ነው።

ሁለት መኪናዎች ቢጋጩስ? አንቀጽ 2084 መነሻውን ይሰጠናል። ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠርና የጉዳቱን ጠቅላላ ዋጋ እኩሌታ እኩሌታ ይሸከማሉ። ይህ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በይበልጥ በአንደኛው ሾፌር ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። በመንገድ መካከል ቆመው «አንተ ነህ፥ አንተ ነህ» ሲባባሉ የሚውሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ፥ ጉልበታቸውን በጩኸት ላይ ከማዋል ምስክር በመያዝና ፖሊስ እስኪመጣ መኪናውን ከቦታው ባለማንቀሳቀስ ላይ ባዋሉት ነበር።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ተጎጂዎች ልብ ይበሉ። አንደኛ፥ ሾፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ የካሳው ክስ አብሮ አይሞትም፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በወንጀል ችሎቱ የነፃ ፍርድ እንደማይታሰር ይደነግጋል። ሁለተኛ፥ አንቀጽ 2143 ለካሳ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር የ2 ዓመት ይርጋ አስቀምጧል፤ ነገሩ በወንጀል ሕግ የረዘመ ይርጋ ያለው ካልሆነ በቀር ከዚያ በኋላ የመጣ ከሳሽ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። «የወንጀሉ ጉዳይ ይለቅ፥ ሽማግሌዎቹም ይጨርሱ» እያለ ቀኑን የሚያሳልፍ ቤተ ሰብ መብቱን እንዳያጣ ያሰጋዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ መድን ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለ ተሽከርካሪ ለሦስተኛ ወገን የሚሆን መድን ሳይገባ መኪናውን በመንገድ ላይ እንዳያሠማራ ከልክሏል። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ወይም የአካል ጉዳት የወሰነው ከፍተኛ ካሳ 40,000 ብር፥ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር፥ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለ ልክ በሕግ የሚለዋወጥ ስለሆነ ጉዳዩ የደረሰበት ሰው አደጋው በደረሰበት ቀን የሚሠራበትን መጠን ይጠይቅ። ገጭቶ የሸሸው ሰው ባይታወቅ ወይም መኪናው መድን የሌለው ቢሆን ተጎጂው ሜዳ ላይ እንዳይቀር የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። እግሩ የተሰበረው ጓደኛችን ይህ መብት እንዳለው የሰማው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአንድ የሕግ ተማሪ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ለመስማት ሦስት ሳምንት ከፈጀበት፥ ከገጠር ለገበያ መጥቶ የተገጨው ገበሬ መቼ ይሰማዋል?

ስለ ዕርቅም ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአገራችን ሰው በመኪና ሲሞት ሽማግሌ ይላካል፤ በኦሮሞ ባህል ዘንድም የጉማ ሥርዓት አለ። ይህ ሊናቅ የማይገባ ነገር ነው፤ ሁለት ቤተ ሰብን ከቂም ያድናልና። ሆኖም ዕርቅ በቸልተኝነት ሰው የመግደልን ክስ አይሽርም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። የዕርቁ ገንዘብ በጽሑፍና በምስክር ካልተረጋገጠም ሾፌሩ በኋላ «ከፍያለሁ» ብሎ ለማስረዳት ይቸገራል። ሽምግልናውና ሕጉ ጎን ለጎን ይሂዱ እንላለን፤ አንዱ በሌላው ስም አይጥፋ።

አሁን የቀረው የድብደባው ነገር ነው። ይህን ፍርሃት ከንቱ ነው ብለን አናልፈውም። የተቆጣ ሕዝብ ሾፌር ሲደበድብ ማን አላየም? በእኛ አስተያየት ሕይወቱ የሚያሰጋው ሾፌር መኪናውን በቀጥታ በአቅራቢያው ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ እጁን ቢሰጥ ይህ መሸሽ ሊባል አይገባም፤ ጨለማ ውስጥ ገብቶ መጥፋት ግን ሌላ ነገር ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው። በዚያች ማታ እየጮኸ የሮጠው ሕዝብ ማን ነበር? የሚበዛው እኛው ተማሪዎቹ ነበርን። ሾፌሩን ያሸሸው የሕግ ፍርሃት ሳይሆን የእኛ ድንጋይ እንደሆነስ? ድሮ በአገራችን «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም ነጠላቸው ተቋጥሮ፥ ያለ ወታደር፥ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያ ሊሆን የቻለው የቆመው ሰው እንደማይመታ ስለተማመነ ነው። ቆሞ የሚገኝ ሾፌር እንዲኖረን ከፈለግን፥ የቆመውን የማይደበድብ ሕዝብ መሆን አለብን።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። የተማሪዎች ማኅበራችን ከሕግ መምህራን ጋር ተነጋግሮ በዚህ ጉዳይ አንድ ከሰዓት በኋላ ትምህርታዊ ንግግር ያዘጋጅ፤ በግቢያችን በር የሚቆሙትን ሾፌሮችም ይጥራ። የሕግ ተማሪዎች ከላይ የዘረዘርነውን በአንዲት ገጽ አጥረው ይጻፉ፤ እኛም በዚሁ ማባዣ አባዝተን በየታክሲው ለማደል ቃል እንገባለን። መምህራኖቻችን ደግሞ የካሳ ልክን ነገር በጽሑፍ ያንሡልን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ልጅዋን ያጣች እናት ኀዘን ዛሬ በዚህ ገንዘብ ሲተመን ሕጉ ከዘመኑ ኋላ መቅረቱን ለማየት የሕግ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

ያ ሾፌር ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት ይህች ወረቀት በአንድ ተሳፋሪ እጅ መኪናው ውስጥ ትገባ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ይህን ይስማ፤ ልጁ በሕይወት አለ፤ በሕጉ ፊት ራሱን የሚያቀርብበት በርም አልተዘጋም።