ከድስት የወጣ ወጥ ጨው አይቀነስለትም

«ውጭ ስትመገቡ ጤናማውን ምረጡ» የሚለው ምክር ከሬዲዮውም ከዩቲዩቡም በየቀኑ ይጎርፋል። ሰላጣ እዘዙ፣ ጥብሳጥብስ ተዉ፣ በለስላሳ ፈንታ ጭማቂ ጠጡ ይላል። ምክሩ ክፋት የለውም። ግን ለሌላ አገር ምግብ ቤት የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ምሳውን በየቀኑ ውጭ የሚበላ ሰው (ቋሚ ቢሮ የሌለኝ ጸሐፊ ስለሆንኩ እኔም አንዱ ነኝ) ሜኑ ላይ የሚያገኘው የምግቡን ስምና ዋጋውን ነው። በምን ዘይት ተሠራ? ጨውስ ምን ያህል ገባበት? አስተናጋጇን ብትጠይቋት እሷም አታውቅም። ሳታውቅ የምትመርጠው ነገር ደግሞ ምርጫ ሳይሆን ዕጣ ነው።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ባካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። አማካይ የጨው ፍጆታችን በቀን ከ8 ግራም በላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ግፊት ያለበትን ሰው ሐኪሙ «ጨው ቀንስ» ብሎ ይሸኘዋል። ቤት ያሉት ሰዎች ይቀንሱለት ይሆናል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ማን ይቀንስለታል?

እዚህ ላይ ማንም የማያወራውን አንድ ተግባራዊ ነገር ላንሳ። የምግብ ቤቶቻችን ምግብ ሁለት ዓይነት ነው፦ የድስት እና የመጥበሻ። ምስሩ፣ ክኩ፣ ቀይ ወጡ፣ አልጫው ጠዋት በትልቅ ድስት ተሠርቶ ያደረ ያህል ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቁጭ ብላችሁ «ጨው ቀነስ አድርጉልኝ» ብትሉ የምትጠይቁት የማይቻለውን ነው። ተጋቢኖ ሹሮ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ፉል፣ ጥብስ ደግሞ ሲታዘዝ ይሠራል። «ዘይት ቀነስ፣ ጨው አትጨምሩበት» የሚለው ቃል የሚሰማው እዚህ ነው። በርበሬውና የሹሮ ዱቄቱ ራሱ ጨው ያለበት ሊሆን ስለሚችል ከዜሮ አትጀምሩም፤ ቢሆንም ማንኪያውን መያዝ ይቻላል። ግፊት ላለበት ወዳጄ የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ሲታዘዝ የሚሠራውን እዘዝ።

«በያይነቱ አለ አይደል!» የሚለኝ አይጠፋም። አለ። በመሠረቱ ከእኛ የጾም ማዕድ የሚበልጥ የምሳ ሐሳብ በዓለም ላይ ብዙ የለም፦ ጥራጥሬ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ከሥሩ የጤፍ እንጀራ። ችግሩ ምግብ ቤት ሲገባ የሚሆነው ነው። ሽንኩርት ሲወደድ ወጡ ይሳሳል፤ የሳሳውን ወጥ የሚሸፍነው ዘይትና ጨው ነው። ዘይቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ርካሹ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ ልብንና የደም ሥርን የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። በሱፍ ዘይት ውስጥ ይኸው ስብ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ጎመኑን ስታነሱት ትሪው ላይ ዘይት ከተኛ «ጾም ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለው ነገር አበቃ።

ሰላጣውስ? በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር በተበከለ ውሃ የሚለማ አትክልት ገበያችን ውስጥ እንዳለ እየታወቀ፣ በምን ውሃ እንደታጠበ የማላውቀውን ጥሬ ሰላጣ «ጤናማ ምርጫ» ብዬ አላዝም። የበሰለ ጎመን ወይም ፎሶሊያ በካሮት ይሻለኛል። ጭማቂ ቤት ስትገቡም «ያለ ስኳር» በሉ። ካላላችሁ አቮካዶው ላይም ሊጨመርበት ይችላል። ለስላሳውን እንኳ ታውቁታላችሁ፤ በኮላ ውስጥ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ገደማ ስኳር አለ።

ሌላው ይሉኝታ ነው። እንግዳ ጋብዞ ሹሮ የሚያዝ ሰው ስሙ ይጠፋል። ክብር የሚለካው በክትፎና በጥብስ ነው። ረቡዕ ያልሆነ ቀን ሹሮ ስታዙ አስተናጋጁ «ጾመኛ ነህ?» ይላል። ይህንን ደንብ አውጥቶ የሚያስተካክለው የለም፤ ጋባዡ ራሱ ደፈር ይበል።

ድስቱን ግን ደንብ ያስተካክለዋል። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ወስና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ምግብ ቤቶች በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገውን፣ ለልብ እጅግ ጎጂ የሆነውን ስብ እንዳይጠቀሙ ከለከለች። ተመጋቢውን «ተጠንቅቀህ ምረጥ» አላለችውም፤ መጥበሻው ውስጥ ያለውን አስቀየረች። በ2008 ትልልቅ ሰንሰለት ምግብ ቤቶች የካሎሪውን መጠን ሜኑ ላይ እንዲጽፉ አዘዘች። በ2015 ደግሞ የአንድ ቀን ሙሉ የጨው ገደብ ያለበት ምግብ ሜኑ ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት እንዲደረግበት አደረገች።

እኛ ካሎሪ እንቁጠር አልልም። አንድ ትሪ ለሦስት በሚበላበት አገር የማን ካሎሪ ይቆጠራል! ሁለት ነገር ግን ነገ ሊጀመር ይችላል። የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተቆጣጣሪ ወደ ምግብ ቤት ሲገባ ስለ ንጽሕናና ስለ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ይጠይቃል። በዚያው እግሩ የዘይቱን ጀሪካን ይይና ስሙ ሜኑ ላይ እንዲጻፍ ያስገድድ። ሁለተኛው፣ ከድስቶቹ አንዱ፣ ምስሩም ይሁን ክኩ፣ ጨው ሳይበዛበት ይሠራ፤ የጎደለበት ከጠረጴዛው ጨው ይጨምር። የተጨመረ ጨው ይጨመራል እንጂ አይወጣም።

ባለቤቶች «ደንበኛው ዘይት ያልበዛበት ወጥ ውሃ ነው ይለናል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እንደዚያ የሚል ደንበኛ አለ። ግን ግፊት ያለበትም፣ ስኳር ያለበትም ደንበኛ በየጠረጴዛው አለ። ዝም ብሎ በልቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ከቤቱ ምሳ መቋጠር ጀምሯል።

ይህንን የምታነቡ ምግብ ቤት ያላችሁ ተከታዮቼ፦ የምትጠቀሙበትን ዘይት ስም ሜኑ ላይ ጽፋችሁ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከነሰፈራችሁ እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ማስታወቂያው በነጻ ነው።