ሳይወድቅ መደገፍ፦ የአእምሮ ሕመምና የቤተ ክርስቲያን ድርሻ በአዊ

በክቡር ዶክተር ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጎዳና ላይ የወደቁ ወገኖችን እያነሣ ይጦራል። ይህ በጎ ሥራ የሚደርሰው ግን ሕመሙ ቤት ካፈረሰ በኋላ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ላለን ምእመናን የሚቀርበው ጥያቄ ሕመምተኛው ገና በቤቱ ሳለ ማን ይደርስለታል? የሚል ነው።

ለብዙ ዘመን የሀገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ተቋም የነበረው የአማኑኤል ሆስፒታል ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አቅዷል። ይሁን እንጂ ምእመኑ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ንስሐ አባቱና ወደ ጠበል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ያመጣው ኀዘንና ስጋትም የሚፈስሰው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ካህናት ሳይሾሙበት የመጀመሪያዎቹ አማካሪዎች ሆነዋል።

ይህ አደራ በጥንቃቄ ይያዝ። መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ጥቂት ሲሻለው የዳነ መስሎት ያቋርጣል፤ ሕመሙም ይመለስበታል። በዚያ ላይ «ጠበል ከጀመርህ መድኃኒቱን ተው» የሚለው ሰው ቢያገኝ ጉዳቱ ይበረታል። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ግን ይህ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒቱንና ጠበሉን አብረው እንዲወስዱ አሳስበው ነበር። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒቱን እግዚአብሔር እንደፈጠረው ያስተምራል። ሕመምተኛውን በሰንሰለት ማሰርም ሌላ ቁስል ከመጨመር በቀር አያድንም።

ነቢዩ ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ እንዲተኛም ተወው። የንስሐ አባትም የተጨነቀውን ሳይቸኩል ይስማው፤ ምስጢሩን ይጠብቅለት፤ ሕመሙን ኃጢአት ነው ብሎ አይፍረድበት። እንቅልፍ ያጣውን፣ ምግብ የተወውን ወደ ጤና ጣቢያ ይምራው። ስለ ሞት የሚናገረውን ደግሞ ብቻውን ሳይተው ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ ዕለቱን ወደ ሆስፒታል ያድርሰው። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

አዊ ለዚህ የሚሆን ትብብር አለው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ጋር በሚያከብረው ትርኢቱ ይታወቃል፤ ፈረሰኞቹም በሠርግና በለቅሶ አብረው ይቆማሉ። እድሩና የጽዋ ማኅበሩም ሟችን ለመቅበር ይሰበሰባሉ። እነዚሁ ማኅበራት በወር አንድ ጊዜ «ከመካከላችን የራቀ፣ ቤቱን የዘጋ ማን አለ?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሁለት ሰዎችንም ልከው ቢጎበኙ፣ ጎረቤት ሳይወድቅ ይደገፋል። ሰበካ ጉባኤያትም የጤና ባለሙያ ጋብዘው ካህናትንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ቢያሠለጥኑ ሥራው ዛሬውኑ ይጀመራል።